ከቆመች የማትነሳ ሞተር

በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ሞተር የነበረው ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላም ነበረ የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር።

ያገኘኋት እንዲህ ነው። ከመንገዱ ዳር የአንድ ጣሊያን መካኒክ ቤት ነበረ፤ እዚያ ጎማ እየለጠፍኩ እውል ነበር። ጓሮው ውስጥ ሁለት የሞቱ ሞተሮች ተጥለዋል። ሰውየው አንድ ቀን "ዝናብ ከሚበላቸው አንተ ውሰዳቸው" አለኝ። ሁለቱን ገጣጥሜ አንድ አወጣሁ። ስድስት ወር ፈጀብኝ። መቀመጫዋን ከአሮጌ የበቅሎ ግላስ ሰፋሁላት። የመንጃ ወረቀቱንም ያስወጣልኝ መካኒኩ ነው።

ደግ ነበረች፤ አመሏ ነው የከፋ። ከቆመች አትነሳም። ፔዳሏን ብትረግጥ፣ ካንዴላዋን አውጥተህ ብትጠርግ፣ ብትለምናት፣ ብትሰድባት፣ ወይ ፍንክች! ቁልቁለት ፈልጎ መግፋት ብቻ ነው። መሮጥም አትወድም። የጣሊያን ወታደሮች ሞተር ባጠገቤ ሽው ሲል እኔ እንጨት ከጫነ አህያ ጋር እኩል ነኝ። አህያ ነጂዎቹ "ቀድመን ሄደን እንጠብቅህ?" ይሉኛል። "ሂዱ! እኔ በልኬ ነው የምሄደው" እላቸዋለሁ። እውነቴን ነበር። የሚያስቸኩለኝ ነገር አልነበረም።

ያኔ አስኮ በኩል አንዲት ልጅ ወድጄ ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ ከጎጃም የመጡ፣ ደንብ የሚያጠብቁ ሰው ናቸው። ሁለት ጊዜ "ላስብበት" ብለው መልሰዋቸዋል፤ ይሄ እሺ ለማለት ሲዳዳቸው ነው። ለሦስተኛው እሑድ ተቀጠረልን። በዚያ ሳምንት ረቡዕ፣ ለመካኒኩ ዕቃ ላደርስ በደጃቸው ሳልፍ፣ አባትየው ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር አጥራቸው ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ደንቡ የታወቀ ነው። በበቅሎ የሚሄድ ሰው የተቀመጡ ሽማግሌዎች ካየ ይወርዳል፣ እጅ ይነሳል፣ ደኅንነት ይጠይቃል፣ ከዚያ ይወጣል። ሳይወርዱ ሰላምታ ጥጋብ ነው። ይሄን ማንም አላስተማረኝም፤ አብሮኝ ነው ያደገ። ግን ቦታው ዳገት ነው። ከወረድኩ ሞተሯ ትሞታለች፤ ልጃቸውን ሊሰጡኝ ባሰቡት ሰው ፊት እንደ ኩሊ እያለከለክሁ ስገፋ ልታይ ነው። አፈርኩ። ባርኔጣዬን ብቻ አንስቼ፣ አንገቴን ሰብሬ አለፍኩ። ጭሷን እላያቸው ላይ ትቼ።

እሑድ ሽማግሌዎቼ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

"ምን አሉ?"

"'ከበቅሎው ለማይወርድ ሰው ልጅ የለኝም' አሉ።"

"በቅሎ አይደለችም እኮ!"

"ብለናቸዋል። 'ተቀምጦባት የለም እንዴ? የጣሊያን ሹም ብሆን ዘሎ ይወርድልኝ ነበር' አሉ።"

ይቺ የመጨረሻዋ አጥንቴ ውስጥ ገባች።

ወዳጆቼ ሞተሯን ጣላት አሉኝ። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ ሞተሯንም አልጥል፣ ልጅቷንም አልተው። በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ ወደ አስኮ ሄድኩ። ከዳገቱ ሥር ስደርስ በገዛ እጄ አጠፋኋት። እየገፋሁ ወጥቼ ከደጃቸው አቆምኳትና ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። አባትየው ፊታቸውን አዞሩ። እኔም የቀረውን ዳገት ገፋሁ። ማክሰኞም እንዲሁ። ሁዳዴ ገባ፤ እኔ እገፋለሁ። ሁዳዴ ወጣ፤ እገፋለሁ። ክብደቷ የበሬ ነው። አንዳንድ ቀን ከአጥሩ ውስጥ ልጅቷ ሳቋን ስታፍን እሰማለሁ፤ ለነገም መምጫ ስንቄ እሱ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃ ሆነ። እጅ ነሥቼ ልገፋ ስል አዳለጠኝና በጉልበቴ ተደፋሁ። ቀና ስል አባትየው ጋቢያቸውን አሸርጠው አጠገቤ ቆመዋል።

"ይቺ ነገር ሁልጊዜ እየገፋሃት ነው እንዴ የምትነዳት?"

"ከቆመች አትነሳም፣ አባባ።"

"ያን ቀንስ?"

"እሱን ፈርቼ ነው። እርስዎ ፊት መግፋት አፈርኩ።"

"አይ ጅል! መግፋት ምኑ ያሳፍራል? የኔ በቅሎ ስንቴ ገበያ መሐል ተኝታብኝ በጆሮዋ ጎትቻታለሁ! በል ያዝ።"

አብረን እስከ ጫፉ ገፋናት። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው።

"ውጣ" አሉኝ።

"እርስዎ ቆመውማ አልወጣም።"

"ውጣ ነው የምልህ፣ አንተ ደረቅ!"

ወጣሁ። ከኋላ ገፉኝ። አንዴ አስነጠሰች፣ ሁለቴ አስነጠሰች፣ ተነሳች። በዚያ ሁሉ ጭቃ፣ በዚያ ሁሉ ልፋት ተነሳች! ሳላመሰግን ጥያቸው ልሄድ ነው ማለት ነው፤ እንደዚያ ቀን። ፍሬኑን ያዝኩ። ሞተች። ወርጄ፣ ዳገቱን በእግሬ ተመልሼ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

እሳቸው እኔን ትተው ቁልቁለቱ መሐል የቆመችውን ሞተር ያያሉ።

"ለዚህ ብለህ ገደልካት?"

"አዎ፣ አባባ።"

ሳቃቸው መጣ። ጋቢያቸውን እስኪጥሉ ሳቁ። "እሑድ ሽማግሌዎችህን ላካቸው" አሉኝ። "ለሠርጉ ግን በበቅሎ ና። ሚዜዎችህ እዚህ ዳገት ላይ ሲገፉ አይለቁብኝ።"

በበቅሎ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ግን አማቴ የሞተሯን ድምፅ ከሩቅ ሲሰሙ ጋቢያቸውን አሸርጠው ደጃቸው ላይ ይጠብቁኝ ነበር። አጠፋታለሁ፣ እወርዳለሁ፣ እጅ እነሳለሁ። ከዚያ እንገፋለን።