ደማቁና ፈዛዛው

ጦይባ ከወሎ ድንበር ተሻግራ መጥታ፣ ሪያድ በሚባል የሀብታሞች ሰፈር በአንድ ቪላ መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የቤቱ እመቤት ሉጥፊያ በየሁለት ዓመቱ ሳሎኗን ስለምታስቀባ፣ ጦይባ ሳትፈልግ የቀለም ነገር ዐዋቂ ሆናለች። ሰነፍ ቀቢ ገና ከደጅ ሲገባ ትለየዋለች።

እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ሪክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዳው ያገሯ ልጅ ዛኪር ላግባሽ አላት። "ካላክላ ሰፈር ቤት ተከራይቻለሁ፤ መጥተሽ ቀለሙን ምረጪ" ሲላት ዓርብ ዕለት አስፈቅዳ ሄደች። ሰውየውን ወዳው አልነበረም፤ እናቷ በየደብዳቤው "መቼ ነው?" እያሉ መውጫ መግቢያ ስላሳጧት ነው።

ቤት የተባለው አንድ ክፍል ነው። ዛኪር ግድግዳው ላይ ሁለት አረንጓዴ፣ ትሪ ትሪ የሚያህል ቀብቷል፤ አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ፈዛዛ። አሮጌውን ቀለም እንኳ አልፋቀውም። ደማቁ ዳር ዳሩ እንደ ቅርፊት ተነሥቷል፤ ፈዛዛው ተንጠባጥቦ ወለሉ ደርሷል።

"እህ፣ የቱ ይሻላል?" አለ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ቤተ መንግሥት ያሠራ ይመስል።

"ደማቁ የሆስፒታል ኮሪደር ነው። ፈዛዛው ላይ ውኃ ጨምረሃል።"

"ወላሂ ጠብታ አልጨመርኩም!"

በጥፍሯ ጫር ብታደርገው ከነልስኑ እጇ ላይ ወደቀ።

"አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ" ብሎ ሳቀ። "ሬሕማ እኮ እንዳየችው ደማቁን መረጠች።"

"ሬሕማ ማን ናት?"

"ያቺ የአርካዊት ሰፈሯ ልጅ..." ብሎ ጀመረና ብሩሹን መፈለግ ያዘ። ብሩሹ በእጁ ነበር።

ጦይባ አልጮኸችም። ሁለት ሴት ሊያታልል የተነሣ ሰው፣ ሌላ ግድግዳ መቀባት ሰንፎ ሁለቱንም በአንዱ ሊጨርስ! ንዴት እንኳ በዛበት።

"እንግዲያው የመረጠችውን ቀባላት" ብላ እጇን አራግፋ ወጣች። ሚኒባስ እስኪመጣ አቧራው ላይ ቆማ ብቻዋን ሳቀች።

ከሁለት ወር በኋላ ሬሕማን አገባ። ያገር ልጅ ሁሉ ሲጠራ ጦይባም ተጠራች፤ ቀረች እንዳይባል ሄደች። የዚያው ክፍል ግድግዳ ከታች ደማቅ፣ ከላይ ፈዛዛ ሆኗል፤ መካከሉ ላይ መስመሩ እንደ ሰካራም መንገድ ይጠማዘዛል። የቀለሙ ፍርፋሪ ሩዟ ላይ እንዳይወድቅ ሳህኗን ይዛ ወደ በሩ ተጠጋች።

ሙሽራዋ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። ገና ልጅ ናት።

"እትዬ ጦይባ፣ ቤቱን እንዴት አገኘሽው?"

"ማሻአላህ፣ ሰፊ ነው" አለቻት፣ ጉንጯን ዳሰስ አድርጋ።

ዛኪር ግን እጁን ዘርግቶ ሲመጣ፣ እንደማታውቀው ሰው አልፋው ሄደች።