አምስተኛው ቢም

ባለፈው ሳምንት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስመለስ፣ ሚኒባሱ አሮጌው ድልድይ ላይ ሲወጣ ሳላስበው ከመስኮቱ ሸሽቼ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ላይ ተለጠፍሁ። «ምነው ወንድሜ፣ ልታቅፈኝ ነው?» አሉኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወደ መስኮቱ ግን አልተመለስሁም።

በስልሳዎቹ መጀመሪያ፣ ጢሜ ሳይሞላ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርሁ። እንቁራሪት ጣሪያ ላይ ወጥታ በጮኸችበት በዚያ ክረምት፣ እስከ ድልድዩ አፍ የሞላ ጎርፍ ያመጣው ግንድ የድልድዩን ዳር መትቶ ሰነጠቀው። መንገዱ ለመኪና ተዘጋ። የእኔ መኪና ቆማ ከጎማዋ ሥር ሣር በቀለ። ባለቤቷ «ድልድዩ ካልተከፈተ እሸጣታለሁ፤ አንተም ወደ እርፍህ» አለኝ።

በኋላ መሐንዲስ መጣ። ድልድዩን በርዝመቱ የተሸከሙት አራት የኮንክሪት ቢሞች ናቸው፤ ከያንዳንዳቸው ሥር ጭነት ምን ያህል እንደሚያጎብጠው የሚያሳይ መርፌ ያለው መለኪያ ተከለ።

«ድንጋይ ጭነህ በተሰነጠቀው ቢም በኩል ትቆማለህ። ክብደቱን ለጎረቤቶቹ ካካፈለ ይከፈታል።»

«ባያካፍልስ?»

«ያን ጊዜ እናያለን።»

ማን እንደሚያይ አልነገረኝም።

ድንጋይ የጫነች መኪናዬን ጠርዙ ላይ አቆምሁ። ከታች ወንዙ ደፍርሶ ያጓራል። ጸሎት ስጀምር የኮቴ ድምፅ ሰማሁ። ሊያይ የመጣው የአገር ሰው ተንጋግቶ በድልድዩ ሌላኛው ጎን ተሰልፏል፤ ከፊት አባቴ። የእኛ ሰው ከፈረስ ጋር ያደገ ነው፤ ጭነት ወደ አንድ ጎን ካደላ ፈረሱ እንደሚወድቅ ያውቃል። ሊያመዛዝኑልኝ ነው!

መሐንዲሱ ከታች ጮኸ፦ «መርፌዎቹን አሳበዳችኋቸው! ውረዱ! ድልድይ ፈረስ አይደለም!»

«ታዲያ ለምን በአንድ ጎኑ ጫንህበት?» አሉት አባቴ።

ሌላው ሰው ወረደ። አባቴ ብቻቸውን ቀሩ፤ ከነጋቢያቸው ቢመዘኑ አንድ ጆንያ ድንች የማያህሉ ሰው!

«አባባ፣ ይውረዱልኝ። እርስዎ እስካሉ ልኬቱ አያልቅም።»

«ልጄን ገደል አፍ ላይ አቁመውት የት ልሂድ?» ድምፃቸው ተሰበረ።

«እባክዎ አባባ፤ እግሬ ፍሬኑ ላይ ደነዘዘ።»

ከዚያ ወረዱ፤ ግን ከሰው ጋር አልቆሙም። መሐንዲሱ ኋላ እንደነገረኝ፣ በቁልቁለቱ ተንሸራተው ከተሰነጠቀው ቢም ሥር ገቡና ሁለት መዳፋቸውን ሽቅብ ዘረጉ። ቢሙ ከራሳቸው በላይ የባሕር ዛፍ ቁመት ይርቃል።

«ቢወድቅ ይጨፈልቅዎታል!» ቢላቸው፣ «ይጨፍልቀኝ፤ ልጄ አይቅደመኝ» አሉት።

መርፌዎቹ ተንቀጠቀጡ። የተሰነጠቀው ብዙውን ያዘ፤ ጎረቤቱ አገዘው፤ ሩቅ ያለውም ጥቂት ተካፈለ። መንገዱ ተከፈተ፤ እኔም ከመሪዬ ሳልለይ ቀረሁ።

አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ያን ድልድይ የያዙት እሳቸው እንደሆኑ በየድግሱ ያወሩ ነበር። ማጋነን የወረስሁት ከሳቸው ነው። በዚህች ግን አጋነኑ አልልም።

ድልድዩን ስንሻገር ሴትዮዋ «አሁንስ ተሻለህ?» አሉኝ። ተሻለኝ አልኋቸው፤ ሌላ ምን ልበላቸው? አራቱ ቢሞች ዛሬም ደህና ናቸው። እኔን ከመስኮቱ የሚያሸሸኝ አምስተኛው ከሥር አለመኖሩ ነው።