ለመቀስ የሚቀርብ ድልድይ

አጎቴ የበጀት ሰው ነው። ሌላው ሥራውን ሲጠየቅ «አናጢ ነኝ»፣ «ነርስ ነኝ» እንደሚል፣ እሱም አንገቱን ቀና አድርጎ «የበጀት ሰው ነኝ» ይላል። መንገድና ድልድይ በሚያሠራው ሚኒስቴር ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ የአለቆችን መኪና ማቆሚያ በሚያይ ቢሮ ተቀምጦ ፀጉሩን ጨርሷል። እስከ ዛሬ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲነባበር ቆሞ አላየም፤ ሲሚንቶ ጫማውን ነክቶት አያውቅም። ሆኖም ያለ እሱ ወረቀት አንዲት ቱቦ እንኳ እንደማትቀበር ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ሲያወራ ይውላል። የቢሮው ሰዎች «ጠበቃው» ይሉታል። ለምን እንደሚሉት እደርስበታለሁ።

ጠበቃውን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ፣ የእኔ እናት ናት። ወላጆቻቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ትምህርቷን ትታ፣ የሰው ልብስ እያጠበች እሱን ለዩኒቨርሲቲ አበቃችው። እሱ ሄዶ ሰው ሆነ፤ እሷ እዚያው ከወንዙ ማዶ ቀረች። ገበያውም ጤና ጣቢያውም ያሉት ከወንዙ ወዲህ ነው። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። ዝናቡ ሲበረታ ግን ማዶ ያለ ማዶ ይቀራል፤ የታመመም ከነሕመሙ።

እናቴ ስኳር አለባት። ባለፈው ክረምት እግሯ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣባት። በየጊዜው ጤና ጣቢያ ሄዳ ቁስሉን መታጠብ ሲኖርባት ወንዙ ሞልቶ አላሳልፍ አላት። ውሃው ሲጎድል በቃሬዛ አሻገርናት፤ ሁለት ጣቶቿ ተቆረጡ። ሐኪሙ ወደ ጎን ሳብ አድርጎኝ፣ «በሚመጣው ክረምትም እንዲህ ከቆየች የምንቆርጠው እግሯን ነው። ወይ ድልድይ ይሠራላት፣ ወይ ከዚያ ትውጣ» አለኝ። እሷ ደግሞ፣ «ዕድሜዬን የኖርኩበትን ቤት ጥዬ የልጄን ጓዳ አላጣብብም» ብላ እምቢ አለች። እውነቷን ነው፤ እኔ ከሚስቴና ከልጆቼ ጋር የምኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። እንደ እኔ ጂኦግራፊ ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የሰፋ ቤት አይገኝም።

ድልድዩ ደግሞ ድልድይ ተብሎ የሚጠራ እንኳ አይደለም። ለእግረኛ ብቻ የሚሆን፣ ሁለት ወር የማይፈጅ የብረት መሻገሪያ ነው። አጎቴ ከአሥር ዓመት በላይ በበጀት ጥያቄው ውስጥ ሲያስገባው ኖሯል፤ በየዓመቱም ይሰረዛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የአጎቴ ወረቀት ግን ይህችን ድልድይ ሲይዝም ሲለቅም አያፍርም። ከተሰረዘች በኋላ ስልክ ይደውላል። «እትዬ፣ እኔማ አቅርቤልሽ ነበር፤ ቆረጡብኝ እንጂ!» እናቴ እሱን ትመርቃለች፣ ቆራጩን ትረግማለች። ቆራጩን አታውቀውም። በቢሮ ሰዎች ዘንድ «መቀስ» የሚባል የገንዘብ ሚኒስቴር መርማሪ ነው።

የእነዚህን ሰዎች አሠራር ልንገራችሁ፤ እኔም ያወቅሁት ዘግይቶ ነው። የበጀት ወቅት ሲደርስ ገንዘብ ሚኒስቴር ለየመሥሪያ ቤቱ «ከዚህ በላይ እንዳትጠይቁ» ብሎ ጣሪያ ይልካል። ሁሉም ጣሪያውን በደንብ ያያል፤ ካየ በኋላ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ በመርማሪው ፊት ቀርቦ ጥያቄውን ያስረዳል። መርማሪው የግድ አንድ ነገር መቁረጥ አለበት፤ ምንም ያልቆረጠ መርማሪ ተኝቶ እንደዋለ ይቆጠራል። የአጎቴ ብልሃት የገባው እዚህ ላይ ነው። መቀሱ እንዳሻው ከሚቆርጥ፣ የሚቆረጠውን እኛው አዘጋጅተን እንስጠው አለ። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ በጩኸት ነው። የአለቆች መኪና፣ የቢሮ ሶፋ፣ «የልምድ ልውውጥ» የሚሉት የውጭ አገር ሽርሽር ሲነሳ ሁሉም ጭጭ። አጎቴ ብድግ ብሎ ጠረጴዛ እየደበደበ «ይሄ ከተነካ ሕዝብ ያልቃል!» ያለለት ነገር፣ እሱ የሚቆረጠው ነው። መርማሪው ይገባዋል፤ ይቆርጣል፤ ሌላው በሰላም ያልፋል። ማንም አልተፈራረመም፣ ማንም በአፉ አልተናገረውም። በዚህ አጎቴ ሹመት አገኘ፤ ጠበቃው የሚለውን ስምም አተረፈ።

እንግዲህ እንደዚያ ሲጮህለት የኖረው የገዛ እህቱ ድልድይ ነው። በኋላ ነገሩ ሲወጣ «ከዚህ ሁሉ ወንዝ ለምን የሷን መረጥክ?» ብዬ ጠየቅሁት። የመለሰልኝን ሰምታችሁ ፍረዱ። «ስለማውቀው ነዋ! በማላውቀው ወንዝ እንዴት ከአንጀቴ እጮሃለሁ?» አለኝ። አፈር ብላ አልኩት በሆዴ።

ጣቶቿ ከተቆረጡ በኋላ፣ የበጀቱ ወቅት ሲቃረብ እናቴን ይዤ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጨርቁን ፈታችና እግሯን አሳየችው።

«ወንድሜ፣ እስከ ዛሬ አንድ ነገር ለምኜህ አላውቅም። ዘንድሮ ግን አደራ» አለችው።

አጎቴ አለቀሰ። አልክድም፣ ከልቡ ነው ያለቀሰው። «እትዬ ትሙት! ዘንድሮ ሳላስጸድቀው ብቀር እኔ ሰው አይደለሁም» አለ። እናቴም ቁስሏ በቅርብ እንዲታይላት በጀቱ እስኪጸድቅ እሱ ቤት ሰነበተች።

ከመርማሪው ፊት በቀረበበት ቀን ድምፁ ተዘግቶ ተመለሰ። «እንዲህ ተናግሬ አላውቅም» አለን። እሷም በዚያ እግሯ እያነከሰች ሻይ አፈላችለት። ከሳምንታት በኋላ ረቂቁ ከገንዘብ ሚኒስቴር ወጥቶ ወደ ሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ከዚያ ወደ ፓርላማ፣ ከፓርላማም ወደ በጀት ኮሚቴው ሄደ። ኮሚቴው አስተያየት ያለው ይምጣ ብሎ በሩን ከፍቶ ነበር። አጎቴ ወሬ አልነገረንም። እናቴም ሥራ የበዛበት ሰው ብላ አልጠየቀችውም።

የሚጸድቅበት ዕለት ለመንገድ እንደተነሳች ሴት ፀጉሯን አስራ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። የገንዘብ ሚኒስትሩ አነበበ፣ አነበበ። አንዱ የሕዝብ ተወካይ እንቅልፉን ለጥጧል፤ ሌላው ስልኩን ይጎረጉራል። አንዲት ተወካይ ተነስታ «የገጠር መንገድ ለምን አነሰ?» ብላ ጠየቀች። «ገንቢ ጥያቄ ነው» ተባለችና ተቀመጠች። መልሱን ማንም አልጠበቀም፤ እጅ ወጣ፤ የአገሪቱ የአንድ ዓመት ኑሮ ጸደቀ፤ ተጨበጨበ።

«ድልድዬን የቱ ጋ ነው ያነበቡት?» አለች እናቴ።

አጎቴ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣ «እንዲያ በዝርዝር አይነበብም እትዬ። ጠቅላላው ውስጥ ነው ያለው» አላት።

እሷም አብራ አጨበጨበች።

አጎቴ በጀት በጸደቀ ቁጥር እሑድ ምሳ ይጋብዛል። ዘንድሮ ከተጋበዙት አንዱ መቀስ ነበር። ስሙን ሰምቼ ክፉ ፊት ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ግን ሳቂታ፣ ለስላሳ፣ ለልጆቹ ከረሜላ ይዞ የገባ ሰው ነው። የአጎቴ ሚስት እናቴን «እማማ ናት» ብላ ብቻ አስተዋወቀችው። ምሳው ተበልቶ ጨዋታ ሲደራ መቀስ ወንበሩን ወደኋላ ገፋ አደረገ።

«ጠበቃው ዘንድሮ የሠራውን ነገራችሁ?» አለ። «ሁልጊዜ ድልድዩን ሲሰጠኝ ጠረጴዛ ነበር የሚደበድበው። ዘንድሮ እንባውን ዱብ ዱብ አያደርገውም! "የገዛ እህቴ እግር ሊቆረጥ ነው" አለ! ሳቄ ሊያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ ነው የቆየሁት። እንዲህ አምርሮ የሰጠኝን እንዴት ልተውለት? ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ሰረዝኩለት። መኪኖቹን ቀና ብዬም አላየኋቸው!»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። አጎቴም ሳቀ። ሌላውን ሁሉ ይቅር ብለው ያቺን ሳቅ ይቅር አልለውም።

እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «ልጄ፣ ድልድዩን ሁልጊዜ የሚሰጥህ እሱ ነው?»

«አዎ እማማ። እኔ እኮ ያልሰጡኝን አልቆርጥም» አለ መቀስ፣ ሳቁ ገና ከፊቱ ሳይጠፋ።

«እህቱ እኔ ነኝ።»

የመቀስ ዓይን ወደ እግሯ ወረደ። ጨርቁን አየ። ብድግ ብሎ ቆመ። «እማማ… እኔ… የለመድነው መስሎኝ…»

«አንተ ምን አጠፋህ? ይልቅ ይቅር በለኝ ልጄ። ሳላውቅህ ስረግምህ ነው የኖርኩት» አለችው። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረች። «መቆረጡን መቼ አወቅህ?»

«ረቂቁ… ከገንዘብ ሚኒስቴር ሲመለስ።»

«ከዚያ በኋላ የሚመልሰው አልነበረም?»

አጎቴ የጠረጴዛውን ጨርቅ ማስተካከል ጀመረ። መቀስ ቀስ ብሎ፣ «ኮሚቴው መመለስ ይችል ነበር። ቢነግረኝ እኔም እጽፍለት ነበር» አለ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«እትዬ፣ ተረጂኝ» አለ አጎቴ። «እሱ ከተመለሰ በምትኩ መኪኖቹ ይቆረጣሉ። ሚኒስትሩ ምን ይሉኛል?»

ይኸውላችሁ የበጀት ሰው! ሲያስመስል ጣሪያ የሚያፈርስ ጉሮሮ፣ እውነት የመናገሪያው ቀን ሲመጣ አንድ ቃል ማውጣት አቃተው። ስድብ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እናቴ ግን ክንዴን ይዛ «እንሂድ» አለችኝ። ማንንም ሳትቆጣ ወጣች።

ዝናቡ አሁን ይዘንባል። እናቴ ከማዶ ያለውን ቤቷን ዘግታ፣ ዶሮዎቿን ለጎረቤት ሰጥታ እኛ ክፍል ገብታለች። እግሯ ድኗል፤ ልጆቼ መሬት ይተኛሉ። እሷ በጠባቡ ጥግ እቃ እንዳይነካት ተሰብስባ ትቀመጣለች። ድልድዩ ለሚመጣው ዓመትም በጥያቄው ውስጥ ገብቷል አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አጎቴ ብርቱካን ይዞ መጣ። እኔ በሩን ልዘጋበት ተነስቼ ነበር፤ እናቴ ከለከለችኝና በትሯን ተደግፋ ራሷ ከፈተችለት።

«እንደምን ዋሉ? ይግቡ፤ እዚያ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ» አለችው።

አጎቴ ከኋላው ሌላ ሰው የመጣ መስሎት ዞር ብሎ አየ። ማንም አልነበረም።

«እትዬ… እኔ ነኝ እኮ» አለ።

«አውቄዎታለሁ» አለችው።