በባላጋራ አህያ ወደ ፍርስራሹ

ሰው የባላንጣውን አህያ ተከራይቶ ሊሟገተው ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዐወድ ያደረገው ይህንኑ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ በአሶሳ አቅራቢያ ባለው በዚያ መንደር የሚከራይ አህያ ያለው ሐምዳን ብቻ ነበር። ሐምዳንም ዐወድን ቢጠላ ኪራይ አይጠላምና አህያውን ራሱ እየጎተተ መጣ።

የጠቡ መነሻ ከተራራው ሥር ያለው የማሽላ ማሳ ነው። ሐምዳን አፉን ሞልቶ "ዐወድ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ በዚህ ተራራ ላይ የአባት ቤት የለውም" አለ። የዐወድ እናት ዓኢሻ ደግሞ "እዚያው ነው የተወለድኩት" ትላለች። ሽማግሌው ጀዕፈር፣ "እንግዲያስ ተራራው ላይ ካለው ከጥንቱ መንደር ፍርስራሽ ውስጥ ቤትሽን አሳዪን። ካሳየሽ ማሳው የልጅሽ ነው፤ ካላሳየሽ የሐምዳን" ሲል ፈረደ። አሮጊቷ ግን ከደጇ ርቃ መራመድ አትችልም።

ዓኢሻን አህያው ላይ አስቀምጠው፣ አራቱም ቀርከሃውን እየጣሱ ወጡ። አህያው ከጌታው ጋር የመከረ ይመስል በየጥላው ይቆማል። ላይ ሲደርሱ፣ ጥንት ጎጆዎቹን ከምድር ከፍ አድርገው የተሸከሙት ድንጋዮች ሣር ውስጥ ተበትነው ጠበቋቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

"ከደጃችን የነበረው ሾላ የታለ?" አለች ዓኢሻ፣ በፈዘዙ ዓይኖቿ እየቃኘች።

ሾላው ወድቆ በስብሷል። ዐወድ እናቱን እዚህ ድረስ ለውርደት ያመጣት መሰለው፤ ሐምዳን ዘና ብሎ ጥርሱን ሲፍቅ ሲያይማ ባሰበት።

"የተደፋ ወፍጮ ፈልጉ" አለች ዓኢሻ። "ቱርኮች ሱዳንን በያዙ ጊዜ ባሪያ ፈንጋይ ሲመጣብን ወፍጯችንን ደፍተን ነው የሸሸነው። እመለሳለሁ የሚል ሰው ወፍጮውን ይደፋል።"

"የተደፋው ብዙ ነው" አለ ጀዕፈር። "የእናንተው ምልክቱ ምንድን ነው? ሳይገለበጥ ተናገሪ።"

"እህል ከሚፈጭበት ከትልቁ ጉድጓድ ጎን መዳፍ የምታህል ትንሽ ጉድጓድ አለች። እናቴ ስትፈጭ አላስቀምጥ ስላት ጠጠር ትሰጠኝ ነበር። እኔ ነኝ ከዳር ሆኜ የቦረቦርኳት።"

"ወላሂ፣ ይቺንስ በህልምሽ ነው ያየሻት!" ብሎ ሳቀ ሐምዳን።

አንዱን ገለበጡ፤ የለም። ሌላውንም ገለበጡ፤ የለም። ፀሐይ አዘቀዘቀች። ዐወድ ላቡ ዓይኑን እያቃጠለው፣ አፈር ግማሹን የዋጠውን አንድ ድንጋይ ፈነቀለ። ትልቁ ጉድጓድ አለ። ከጎኑ ደግሞ ትንሿ።

ዓኢሻ ጎንበስ ብላ እጇን ልትከት ሞከረች፤ ከጣቶቿ በቀር አልገባ አለ። "እጄ አድጓል" አለች።

ዐወድ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ መሬት ላይ ዘፍ አለ። ሲስቅ እንባው ይወርዳል። ዕድሜውን ሙሉ "አገርህ የት ነው?" ሲሉት ወሬ ይቀይር ነበር። ያ ሁሉ ሸክም ከጫንቃው ወረደለት።

ጀዕፈር ሐምዳንን አየው። ሐምዳንም መፋቂያውን ወርውሮ "እሺ፣ ፍርድ ፍርድ ነው" አለና አህያውን ሊያመጣ ሄደ።

ሊመለሱ ሲነሡ ዐወድ ወፍጮውን እንደነበረው ሊደፋው ጎንበስ አለ።

"ተወው!" አለችው እናቱ። "የሚደፋው የሚሄድ ሰው ነው። እኛ መጥተናል።"