ጥርስ ያለውና ለስላሳው

ከባለቤቴ ጋር የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ሸርጣን መቦረሽ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ነጠላዬን ወንበር ላይ ጣል አድርጌ፣ በስደት በምንኖርበት በቡርንስቪል ከተማ፣ አፓርታማችን ወጥ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። እሱ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የቅርፊቱን አሸዋ ያራግፋል፣ የሸርጣኑን ዓይነት ስም በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል። እኔ ወረቀቱን በእንቁላል ካርቶን ጉድጓድ ውስጥ አድርጌ ቅርፊቱን ከላይ አስቀምጣለሁ። ሁለት ጊዜ ሞምባሳ ለዕረፍት ሄደን ከባሕሩ ዳር የለቀምናቸው ባዶ ቅርፊቶች ናቸው። እሱ አሰብ ያደገ ሰው ነው፤ ሸርጣንን ከሩቅ በአሯሯጡ ይለያል። እኔ እሱን እስካገባ ድረስ ባሕር አይቼ አላውቅም።

በማግሥቱ አጎራባች ከተማ ሻኮፒ ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ።

ለቅሶ የሚደርሱ ሴቶች ቤቱን ይረከባሉ። ኀዘንተኛ እጇን አታነሣም፤ እነሱ ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ያጸዳሉ። በሦስተኛው ቀን በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ጎረቤቴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ በየካርቶኑ የተረሳውን አጥንት በፌስታል ሰብስቤልሻለሁ። ብጣሽ ወረቀቱን ጥዬዋለሁ።»

«እትዬ፣ አጥንት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሸርጣን።»

አማተቡ። «በስመ አብ! በዚህ ቤት ይበላል?»

«አይበላም እትዬ። ዓይነቱን እየለየን ነው የምናስቀምጠው።»

«ለይታችሁስ?»

ፌስታሉን ከፍቼ አየሁ፤ ስድስት ካርቶን ሙሉ ቅርፊት ተደባልቋል፣ እግሩ ሁሉ ተሰባብሮ ከሥር ተከማችቷል። አልተቆጣኋቸውም። ግን እሱ ለዓመታት የለየው እንደገና ካልተለየ፣ የእሱ መሆኑ ቀርቶ የማንም ስብርባሪ ሊሆን ነው። ከእኔ በቀር ደግሞ የሚለየው የለም።

ከአርባው በኋላ ቅርፊቱን ሁሉ ትሪ ላይ ዘረገፍኩት። መጀመሪያ በቀለም ለየሁ፤ ቀዩን ከቀይ፣ ግራጫውን ከግራጫ። ከሰዓቱን ሙሉ ከለፋሁ በኋላ ነው እሱ ይለኝ የነበረው ትዝ ያለኝ፦ «የሞተ ሸርጣን ቀለም ይዋሻል። የዓይኑን ቤት እዪ።» ሁሉንም አፍርሼ እንደገና ጀመርኩ። ዓይኖቹ ተቀራርበው የዓይኑ ቤት ወደ ጎን ረዥም ከሆነ፣ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ የሚቆፍረው ፈጣኑ ነው። ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ማዕዘን ላይ ተራርቀው ከተቀመጡ፣ ድንጋይ ላይ የሚኖረው ነው። ሰፊው፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሳለው ደግሞ ዋናተኛው ነው። ክምሮቹ ሲለያዩ ብቻዬን ሳቅሁ።

የቀሩት የድንጋይ ላይ ሸርጣኖች ነበሩ። ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ልዩነታቸውን ግን አላውቅም። አሥር ጊዜ አየኋቸው፣ አንድ ናቸው።

ሥራዬ ክሊኒክ ውስጥ ደም መቅዳት ነው። ለዓይን የማይታይ ደም ሥር በጣት ይገኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ጠርዛቸውን በሌባ ጣቴ ዳበስኩ። አንደኛው ከዓይኑ ማዕዘን እስከ ኋላ ድረስ ለስላሳ ነው። ሌላው ላይ፣ ከማዕዘኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ጥርስ ጣቴን ያዘው። ጮህኩ።

ልጄ ከመኝታ ቤቷ ሮጣ መጣች። «ማሚ! ዋት ሃፕንድ?»

«ጥርስ አለው!»

«ሁ? ማን?»

«ሸርጣኑ!»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ። የወደቅሽ መስሎኝ!»

ግን ወደ መኝታዋ አልተመለሰችም፤ እኔ ጥቂቶቹን እየዳበስኩ በሁለት ስከምር የአባቷን ስልክ ይዛ መጣች። እሱ እያንዳንዱን ቅርፊት ሲያነሣ መዳፉ ላይ አድርጎ ፎቶ ያነሣ ነበር። ምስሉን በጣቷ እየለጠጠች ከትሪው ጋር አስተያየን። መዳፉ ላይ ያለው፣ ጀርባው ላይ ስንጥቅ ያለበት፣ ያው ጥርስ ነበረው። ቀና ብዬ ያንኑ ባለ ስንጥቅ ቅርፊት ከሁለቱ ክምሮች በየትኛው እንዳደረግሁት አየሁ። ጥርስ ካላቸው ጋር ነበር።

«ዩ ጎት ኢት ራይት፤ ልክ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ትሪውን ወደ ራሷ ሳበችና ቀጣዩን ዓይኗን ጨፍና ዳበሰች።

አሁን ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ነው። በየሐሙሱ ከለየነው አንድ ካርቶን እሞላለሁ፤ እሱ ይላቸው የነበረውን ስማቸውን በራሴ ጽሕፈት እጽፋለሁ።