የወይዘሮ ቴሬዛ መጽሐፍ ቅዱስ

ተስፋዬ መጽሐፍ ቅዱሴን ወሰደብኝ። ወዳጄ ነው፤ እንደ እኔው የካቶሊክ ቤተሰቦችን የድሮ መጻሕፍት ይሰበስባል።

እርግጥ መጽሐፉ ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት የወይዘሮ ቴሬዛ ነበር። ግን ለዓመታት በየበዓሉ ቤታቸው እየሄድኩ እንኳን አደረስዎ ያልኩት እኔ ነኝ።

በቆዳ የጠረዘው የጀጎል ሙስሊም ነው። እንደ ቁርኣን የሚታጠፍ ክዳን አበጅቶለታል። እንዲህ ያለ ሌላ አይቼ አላውቅም።

ዛሬ ስሄድ መደርደሪያው ላይ የለም።

«ለአቶ ተስፋዬ ሰጠኋቸው» አሉኝ።

«እኔስ?»

«እርስዎ መቼ ጠይቀውኝ ያውቃሉ? ዝም ብለው ያዩታል እንጂ! እሳቸው ትናንት መጥተው ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው።»

የቤተሰብ መጽሐፍ አይለመንም ብዬ ነዋ! ባለቤቱ ራሱ እስኪሰጥ ይጠበቃል። አሁንም ቢሆን አልለምንም።

ማታ ሳይደርስ ተስፋዬ ደወለ። «ና እይው፤ እጅህን ታጥበህ ግን!»

የመጽሐፍ አያያዝ ያስተማርኩትን እኔን!

ቅናት ነው ካላችሁ፣ አዎ ነው።

እናንተም በጨዋነት ስትጠብቁ የተቀደማችሁበት ነገር ካለ ከታች ጻፉ፤ አነባለሁ። እኔ ግን ስለዚህ መጽሐፍ ከእንግዲህ አንዲት ቃል አልተነፍስም።