ከሩቅማ የማን ቤት አያምርም

አባቴ ቀናተኛ ሰው አይደለም። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ አንዴ ሳይሆን መቶ ጊዜ፣ ያውም ጥርሱን እየነከሰ። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ ስለ ቅናት ከመሰላችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሥራው የመኪና ባትሪ ማደስና ቻርጅ ማድረግ ነው። ዋናው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተከደነች አንዲት ክፍል አለችው። ገና ከበሩ አሲድ አሲድ ትሸታለች። የአሲድ ፍንጣቂ ጨርቅ ስለሚበላ ሱሪዎቹ በሙሉ ከጉልበት በታች ወንፊት ናቸው። ግድግዳው ላይ ምድር ከጠፈር ስትታይ የሚያሳይ ፎቶ ያለበት ካላንደር ተሰቅሏል። ካላንደሩ ጊዜው ካለፈ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ዳር ዳሩ ተቃጥሎ ቡኒ ሆኗል። አውርደው ቢሉት ግን አይሰማም።

ባትሪ ደግሞ ቶሎ አይሞላም። ደንበኛው መኪናውን አቁሞ የት ይሄዳል? አግዳሚው ላይ ቁጭ ይላል። ቁጭ ካለ አለቀለት፤ አባቴ ይጀምራል። በማያውቀው ነገር አስተያየት አይሰጥም እንዳልል፣ የማያውቀው ነገር የለም። የእጅ ስልክ ሰውን አጣላ እንጂ አላቀራረበም ባይ ነው፦ ድሮ ሰው ለመስደብ ደጁ ድረስ በእግር መሄድ ነበረብህ፣ እስክትደርስ ንዴትህ ይበርድልሃል፤ አሁን ስድቡ ትኩሱን ይደርሳል። ትልልቆቹ አገሮች ሲጣሉ ሳይሆን ሲታረቁ ነው የሚፈራው፤ “ተጨባበጡ ሲባል ማንን ሊበሉ ነው ብለህ ጠይቅ” ይላል። በኃይል ጉዳይማ ማንም አይቀድመውም። ነዳጅ ሆነ ነፋስ፣ ውሃ ሆነ ፀሐይ፣ “ማመንጨቱ ማንን ያቅተዋል? ጭንቁ ማቆየቱ ነው” ብሎ የተደረደሩትን ባትሪዎች በእጁ ያሳያል።

ከሁሉም የሚወደው ግን የጠፈሩን ነው። ጣቱን ወደ ካላንደሩ ይቀስርና፣ “እነዚያ ጠፈርተኞች እዚያ ላይ ወጥተው ምድር እንዴት ታምራለች፣ እንዴት ሰላም ናት ይላሉ። ከሩቅማ የማን ቤት አያምርም? ገብተው ይጥረጉት እስቲ!” ይላል። ደንበኛው ይስቃል፣ አባቴ አይስቅም፤ እንዳልገረመው ሆኖ ወደ ሽቦው ይመለሳል። እኔ የምሠራው ከጎኑ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዜር ይወቀው።

ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊ አለ። ሰፈሩ “ሜትር” ይለዋል፤ መለኪያውን ከአንገቱ አውርዶት ስለማያውቅ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝበት ይሻገርና አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። አባቴ ያወራል፣ ሜትር ያዳምጣል፤ ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ሜትር ወፈር ያለ፣ ለጆሮ የሚጥም ድምፅ አለው፤ ነገር ግን “ልክ ነህ ፕሮፌሰር” ከማለት በቀር ሲጠቀምበት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ፕሮፌሰር የሚለው አባቴን ነው።

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አድማጮች እየደወሉ ስለ ቴክኖሎጂውም ስለ ዓለም ፖለቲካውም የመሰላቸውን የሚናገሩበት የሬዲዮ ፕሮግራም አለ። እናቴ ያን ሰዓት የምታሳልፈው ልብስ ስትተኩስ ነው። አንድ እሁድ አባቴ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ፣ እኔም ጥፍሬን እየቆረጥኩ፣ ወሬው ስለ ጨረቃ ጉዞ ሆነ። ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ “እኔ እንኳ የሚመስለኝ፣ ከሩቅማ የማን ቤት አያምርም? ገብተው ይጥረጉት እስቲ” አለ።

ሜትር ነበር። አዘጋጇ ሳቀች፤ “እንዴት ያለ አባባል ነው!” አለች። አባቴ ክው ብሎ ቀረ። እኔ ግን ያየሁት እናቴን ነው፤ ካውያውን አቆመችና ወደ ሬዲዮው ዘወር ብላ ፈገግ አለች። እንዲህ ያለ ፈገግታ በቤታችን ብዙም አይታይም። አባቴም አየው። የሐሳቡ መሰረቅ አንጀቱን አሳረረው፤ ፈገግታው ግን ከዚያም አልፎ ገባ።

“ማነው እሱ?” አላት፣ እንደማያውቀው ሆኖ።

“ሜትር አይደል እንዴ። ሲናገር ደግሞ እንዴት ያምርበታል!”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የለም። ሜትር በየእሁዱ መደወል ለመደ። የእጅ ስልኩን ስድብ ተናገረው፣ የትልልቆቹን አገሮች እርቅ ተናገረው፣ የባትሪውንም ጭምር ተናገረው፤ አዘጋጇም “ቋሚ ተሳታፊያችን” ብላ ሰየመችው። ሰፈሩ ውስጥ ሲያልፍ ሰዎች እያስቆሙ ይጨብጡታል። አባቴ ይህን ሁሉ ከደጁ ሆኖ ያያል። ዓይኑ ይቀላል፣ “አሲዱ ነው” ይላል። አግዳሚውን ከበር ላይ አንስቶ ወደ ውስጥ አስገባው፤ ደንበኞቹ በአሲድ ሽታ እያሳሉ መጠበቅ ጀመሩ። ሱሪውን ለማስጠገን ሜትርን ትቶ ሌላ ሰፈር ድረስ ሄደና አንድ እግሩ ያጠረ ሱሪ ይዞ ተመለሰ። ለሦስት ወር ያንን ሱሪ ለበሰው። እልህ ማለት ይህ ነው።

ቤትም ውስጥ ሰላይ ሆነ። እናቴ እሁድ ከምሳ በኋላ ፀጉሯን ካበጠረች፣ “የት ልትሄጂ ነው?” ይላታል። “ልተኩስ ነዋ” ስትለው፣ “ለካውያ ነው የምታበጥሪው?” ይላል። አንድ ቀን የሬዲዮውን ባትሪ አውጥቶ ደበቀው። የባትሪ ሠሪ ቤት ሬዲዮ በባትሪ እጦት ዝም አለ፤ እናቴ ከጎረቤት ሄዳ አዳመጠች። ያ ደግሞ ይብስ አንገበገበው።

በመጨረሻ ወጥመድ አሰበ። ሜትርን እንደ ድሮው ጠርቶ አስቀመጠውና፣ ለማዋረድ ብቻ የፈጠረውን ቅዠት በቁም ነገር አወራለት፦ ዓለም ሁሉ ወደ ፀሐይ ኃይል ስትዞር አገሮች የሚዋጉት በጥላ ነው፤ አንዱ ድንበር ላይ ረጅም ፎቅ ይሠራል፣ ጎረቤቱ “ጥላ ጣልክብኝ” ብሎ ጦር ያዘምታል። ሜትር “ልክ ነህ ፕሮፌሰር” አለ። አባቴ ያን ሳምንት እያፏጨ ዋለ። እሁድ ሲደርስ ሬዲዮውን ራሱ ከፈተው።

ሜትር የጥላውን ጦርነት አንድ ቃል ሳያጎድል ተናገረ። አባቴ ሳቋን ሊሰማ ወደ ሬዲዮው ተጠጋ። አዘጋጇ ግን፣ “አድማጮቻችን፣ አርቆ ማሰብ ማለት ይህ ነው” አለች። በሳምንቱ ስድስት ሰው ደውሎ ስለ ጥላ ተከራከረ። አባቴ እራቱን አልበላም።

“ደውይልኝ” አለኝ በማግስቱ። “እሁድ ደውይልኝ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ዓለም ይስማ።”

“አባዬ፣ ምን ልትል ነው?”

“የጠፈሩን። መጀመሪያ የሰረቀኝን።”

ሦስት እሁድ ደወልኩ። መስመሩ አይገኝም፤ ጣቴ እስኪዝል እደውላለሁ። አባቴ ከጎኔ ቆሞ ሸሚዙን አንገቱ ድረስ ቆልፎ ይጠብቃል፤ በሬዲዮ የሚታይ ይመስል ጺሙን ተላጭቷል። በአራተኛው እሁድ ጠራ፤ አንድ ሰው አነሳና “ይጠብቁ፣ ይገባሉ” አለኝ። ስልኩን ሰጠሁት። እናቴ ጠረጴዛው ጋ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር።

“ሄሎ፣ ማን ልበል?”

“እኔ… ባትሪ ሠሪ ነኝ” አለ አባቴ። ድምፁ ከሬዲዮው ተመልሶ ቤቱን ሞላው፤ ከኋላው የሚጮህ ነገር ተከተለ።

“አባት፣ ሬዲዮዎን ይቀንሱልን!”

ዘልዬ ቀነስኩት። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። በቀን አሥር ጊዜ የሚለውን ነገር እንደ ተማሪ እየተርበተበተ ተናገረው፤ “ከሩቅ… ከሩቅማ የማን ቤት… ጠፈርተኞቹ ማለቴ ነው… ገብተው ይጥረጉት።”

“አባት፣ እናመሰግናለን። ይሄ እንኳ ቋሚ ተሳታፊያችን የተናገሩት ነው። የራስዎ የሆነ አስተያየት ካለዎት…”

“የራሴ ነው! እኔ ነኝ…”

“እሺ፣ ወደ ሌላ አድማጭ እንለፍ።”

መስመሩ ተዘጋ። አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆየ። አዘንኩለት፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠና ወደ እናቴ ዞረ።

“አሁን ደስ አለሽ?” አላት። “እሱ ሲለው ጥርስሽ አይከደንም፣ እኔ ስለው ቀና ብለሽ እንኳ አታይም! ሠላሳ ዓመት የተናገርኩትን አንድ ልብስ ሰፊ በድምፁ አሳምሮ ቢያመጣልሽ ፈገግ ትያለሽ! ለእሱ ነው የምታበጥሪው!”

እናቴ ካውያውን በቂጡ አቆመችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

“ለሜትር?” አለች። “አንተ ሰው፣ ጤናም የለህ? እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በዕድሜህ መጥረጊያ ይዘህ ታውቃለህ?”

“ምን አገናኘው?”

“ታውቃለህ ወይ ነው ያልኩህ።”

አባቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

“ያን ካላንደር የገዛህ ዕለት፣ ገና ወደ ሱቅ ሳትወስደው፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ሰቅለህ፣ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ፣ ምድር ከላይ ስትታይ እንዴት ታምራለች እያልክ ትተርክልኝ ነበር። እኔ የስድስት ወር እርጉዝ ነኝ፣ አጎንብሼ እጠርጋለሁ። ወንበርህ ስር ስደርስ እግርህን አነሳህልኝ፤ ከወንበሩ ግን አልተነሳህም። ያኔ ነው ያልኩህ። ከሩቅማ የማን ቤት አያምርም፣ ገብተው ይጥረጉት እስቲ አልኩህ። ስለ አንተ ነበር የተናገርኩት፤ አንተ ለጠፈርተኛ ሰጠኸው።”

ከሬዲዮው ውስጥ አንድ ሰው ስለ ነዳጅ ዋጋ በዝግታ ያወራል።

“በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ ስትናገረው ሰማሁ። ባሌ ነው፣ ይሁን ብዬ ዝም አልኩ። የማቆየቱንም እንደዚያው። ከሰርጋችን በፊት በየቀኑ እየመጣህ፣ ከሰርጉ በኋላ ሱቅህ ውስጥ ስትቀር፣ ማሞቁን ማን ያጣዋል፣ ማቆየቱ ነው እንጂ ብዬህ ነበር። እሱን ደግሞ ባትሪ አደረግከው።” ሸሚዙን ገለበጠችው። “በሬዲዮ ስሰማው ደስ አለኝ። ስንቱ ሰው ሰማኝ ብዬ። ለማንም ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው ፈገግ ያልኩት።”

አባቴ ተቀመጠ። የካላንደሩ ጉዳይ እኔንም ነካኝ፤ ሆዷ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የአባቴ ሐሳብ እያልኩ ለጓደኞቼ ሳወራው ኖሬያለሁ።

ሰኞ ጠዋት ሜትር መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ግድግዳው ስስ ነው ብያለሁ፤ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

“ፕሮፌሰር፣ ትናንት ሰማሁህ። ሰው አዋረድኩ፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም” አለ ሜትር በዚያ በሚያምር ድምፁ። “እኔ የራሴ ነገር የለኝም፤ የአንተን ሳወራ ሰው አዳመጠኝ፣ ጣፈጠኝ። እሁድ ደውዬ በአደባባይ እናገራለሁ፤ የአንተ ነው እላለሁ። ይበቃሃል?”

ስንት ወር ሲቃጠልለት የኖረው ነገር በእጁ ገባ። እሺ ማለት ብቻ ነው። ድምፁ እንዳይጋርደኝ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን አጠፋሁት። አባቴ “የ…” ብሎ ጀመረና ቆመ። የሚስቴ ሊል ነው ብዬ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ባትሪዎቹ ውስጥ አሲዱ ሲንተከተክ ይሰማል።

“የቤታችን ነው በል” አለ።

“የቤታችሁ?”

“አዎ። ከባትሪ ሠሪው ቤት የወጣ ነው በል።”

እሁድ እናቴ እንደ ልማዷ ትተኩሳለች። አባቴ ከምሳ ጀምሮ ወንበሩ ላይ ነው። ሜትር ደወለ፤ የቃሉ ሰው ነው። “ያ የጠፈሩ አስተያየት የእኔ አይደለም፤ ከጓደኛዬ ከባትሪ ሠሪው ቤት የወጣ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ” አለ። አዘጋጇም “እንዴት ያለ የተባረከ ቤት ነው!” አለች። አባቴ ሬዲዮውን አልሰማም ማለት ይቻላል። አንገቱን አስግጎ የሚያየው የእናቴን ፊት ነበር፤ ያን ፈገግታ እየጠበቀ።

እናቴ የመጨረሻውን ሸሚዝ አጥፋ ከክምሩ ላይ አስቀመጠችና ሬዲዮውን ዘጋችው።

“ቤቱን ማን እንደሚጠርገው ግን አልተናገረም” አለች።

ከዚያ ከበሩ ኋላ መጥረጊያዋን አውጥታ ከጓዳ ጀምራ መጥረግ ያዘች። ወንበሩ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች። አባቴም ሁለት እግሩን አነሳ።